ገና ሲያልፍ ዱላው የት ይገባል?

ገና ሲያልፍ ዱላው የት ይገባል? ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው መልሱን ያውቀዋል። አንዱ ዱላ ጣሪያ ሥር ይሸጎጣል፤ አንዱ ውሻ ማባረሪያ ሆኖ በር ሥር ይቆማል፤ ዕድል ያልቀናው ደግሞ በጥር ብርድ ምድጃ ይገባል። (የደብረ ብርሃንን የጥር ሌሊት የሚያውቅ በዚህ አይፈርድም።) ከዚያ አሥራ አንድ ወር ጸጥ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ «ያ ዱላዬ የት ደረሰ?» ይባላል። እናት ትጠየቃለች። እናትም «እኔ የዱላህ ዘበኛ ነኝ?» ትላለች። ሌላ ዱላ ይፈለጋል፤ በዓሉ ይደርሳል፤ ሁለት ሰዓት ይሮጣል፤ አንድ ሰው ቅልጥሙን ይመታል፤ አለቀ። ለዓመቱ ያድርሰን!

እኛ ስድስት ጓደኛሞች ነን። አራታችን ደብረ ብርሃን፣ ሁለታችን አንኮበር አደግን። ዛሬ የሁላችንም እንጀራ ወንበር ላይ ነው፤ ቢሮ፣ ሱቅ፣ ኮምፒውተር። ካለፈው ዓመት ጥር ጀምሮ ግን ዱላችንን አላስቀመጥንም። በሳምንት ሁለት ጠዋት ከከተማው ዳር ያለ ግጦሽ ላይ ቆመን ሩር እንለጋለን። አንዳንዴ ሩሯም የለችም፤ ባዶ አየር ነው የምንለጋው። የሚያልፈው ሰው «ልጆች፣ ገና እኮ አለፈ!» ይለናል። አንድ እናት ግንቦት ላይ አይተውን ቆሙና ለጎረቤታቸው «እነዚህ ደግሞ ምን ሆነው ነው?» አሉ። ጊዜውም የሚታወቅ ነው፤ ስድስት ጎልማሳ በማለዳ ዱላ ይዞ ሲሮጥ ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ሜዳ ስንወጣ ሩሯን ከፊት እናስቀድማለን፤ መታወቂያችን እሷ ናት።

ይህ ጽሑፍ ለእኚያ እናት መልስ ይሁንልን።

ነገሩ ወዲህ ነው። የገና ጨዋታ ለምን እየጠፋ ነው ሲባል ሰው ሁሉ ኳስን ይከሳል። ኳስ መጣ፣ ቴሌቪዥን መጣ፣ ስልክ መጣ፣ ይባላል። ይሁን። ግን ልጆቹን ጠይቋቸው። «እናቴ አትሄድም አለችኝ» ነው የሚሉት። እናትየው ደግሞ ወዳ አይደለም። ባለፈው ዓመት የጎረቤት ልጅ ጥርሱን ይዞ ሲመጣ አይታለች። ጠንካራ እንጨት ከትከሻ በላይ ተነሥቶ ሲወርድ ሩሯን ይሁን ሰውን እንደሚያገኝ የሚያውቅ የለም። በዓመት አንድ ቀን ዱላ የሚይዝ ሰው የሚመታው እንደዚያ ነው፤ ሙሉ ጉልበቱን ሰብስቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሰማይ ድረስ አንሥቶ። በገና ሜዳ ጌታው እንደማይቆጣ አባቶች ደንግገውልናል። እኛ እንደሚመስለን ጌታው የማይቆጣው አሽከሩ ዱላ አያያዝ ያውቅ ስለነበር ጭምር ነው።

ስለዚህ የጨዋታው ዕጣ የሚወሰነው በታኅሣሥ 29 አይመስለንም (በዘመነ ዮሐንስ 28 መሆኑን ሳንረሳ)። የሚወሰነው ጨዋታ በሌለባቸው ወራት ነው። ምቱን የሚያውቅ ሰው ዱላውን ከጉልበቱ ብዙም አያነሣም፤ ሩሯን ያገኛታል፤ ማንንም አይሰብርም። እናትም ልጇን ትልካለች።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች ሌላ አገር አሉ። ደብረ ብርሃን ላይ «ጎልፍ» ስትሉ ሰው መጀመሪያ መኪናውን ነው የሚያስበው፤ እኛ ግን ስለ ጨዋታው ማንበብ ጀመርን። በረዶ በሚወርድበት አገር ያለ ጎልፍ ተጫዋች ክረምቱን ሜዳው ሲዘጋበት ዱላውን ምድጃ አይከትም። መኪና ማቆሚያው ውስጥ መስተዋት ፊት ቆሞ፣ ያለ ኳስ፣ ቀስ እያለ፣ አንዱን እንቅስቃሴ ይደጋግማል። ጨዋታ ባለበት ወር ሰው ማሸነፍ እንጂ መማር አይፈልግም፤ ዕረፍቱ ላይ ግን የሚቸኩልበት ነገር የለውም።

ከእነሱ መካከል ቤን ሆጋን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 መኪናው ከአውቶብስ ጋር ተጋጭቶ አጥንቱ ተሰባበረ፤ መራመዱ ራሱ ያጠራጥር ነበር። በዓመቱ፣ በ1950፣ የአሜሪካን ኦፕን ዋንጫ ወሰደ። በ1957 ደግሞ የጎልፍን ምት በአምስት ትምህርት የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ምንድን ነው? ስለ ጣት! ዱላውን እንዴት እንደሚይዙ ብቻ። ሁለተኛው ስለ አቋቋም ነው። ሰውዬው ኳሷን እስኪመታ አንባቢው ሁለት ትምህርት ይጠብቃል። እኛም ትዕግሥቱን ከእሱ፣ ቀሪውን ከአገራችን ወሰድን። የምትን ሀሁ እነሆ።

ሀ. አያያዝ

አብዛኛው ሰው ዱላውን የሚይዘው ሌባ እንደያዘ ነው፤ እንዳያመልጠው አንቆ። ጭብጥ ሲጠብቅ ግን የእጅ አንጓ ይደርቃል፤ አንጓ ሲደርቅ ክንድ ይደርቃል፤ የዱላው ጫፍ ይዘገያል። ጉልበት ጨመርን ስንል ፍጥነት እንቀንሳለን። ሕፃን እጁን ይዛችሁ አስፋልት ስታሻግሩ እንዴት ነው የምትይዙት? አያመልጣችሁም፤ አያመውምም። እንደዚያ ነው። አንዱ እጅ ከላይ፣ ሌላው ከሥሩ፣ ተጠጋግተው።

ይህ በደብረ ብርሃን የራሱ ፈተና አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በውርጭ ማለዳ እጅ ሲደነዝዝ ሰው ሳያውቀው ጭብጡን ያጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ እጃችንን እናፋትጋለን፣ እንሮጣለን፣ ከዚያ ነው ዱላ የምናነሣው።

ለ. አቋቋም

ይህን ያስተማረን አንኮበር ነው። የሸዋ ነገሥታት አንኮበርን መቀመጫቸው ያደረጓት ጠላት በቀላሉ እንዳይወጣባት ነው፤ ለገና ተጫዋች ግን አላሰቡለትም። አገሩ ሁሉ ገደል ነው። ሩሯ ቁልቁል ካመለጠች አምጪው ለምሳም አይደርስም። ስለዚህ እዚያ ያደጉት ሁለቱ ጓደኞቻችን ምታቸው አጭር ነው። እግራቸውን በትከሻቸው ስፋት ከፍተው፣ ጉልበታቸውን ላላ አድርገው፣ ከወገብ ጎንበስ ብለው ነው የሚቆሙት። ሜዳ ላይ ያደግነው አራታችን እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብለን እንለጋ ነበር።

ከወገብ ጎንበስ ማለት ለገበሬ ትምህርት አይደለም። ገብስ ሲያጭድ ይውላል። ወንበር ላይ ለዋለ ወገብ ግን ወር ይፈጃል። እኛ ጥርንና የካቲትን የጨረስነው በዚህ ነው፤ ያለ ሩር፣ ቆመን፣ ጎንበስ ብለን፣ ዱላውን በዝግታ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዝን።

ሐ. ምት

ዋናው እዚህ ላይ ነው፤ ያስተማረንም የአሥራ ሁለት ዓመት እረኛ ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ወጥተን ስንለጋ በጎቹን እየጠበቀ ያየናል። ጥቂት ቆይቶ «እስቲ ጋሼ» ብሎ ከአንዳችን ላይ ዱላውን ወሰደ። ትከሻውን ብዙ አላነሣም። ዳሌው ቀደመ፤ ክንዱ ተከተለ፤ ዱላው ሹሽ አለ፤ ሩሯ ከእኛ ሁሉ አርቃ ሄደች። የማን ልጅ ነህ፣ ማን አሠለጠነህ ስንለው ግራ ገባው። ከዚያ ከወገቡ ጅራፉን ፈትቶ ወደ በጎቹ ሄደና አጮኸው። እንቅስቃሴው ያው ነው! ዳሌ፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ አንጓ፣ በመጨረሻ ጫፍ።

የጎልፍ አሠልጣኞች በካሜራና በኮምፒውተር የሚለኩት ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። እንቅስቃሴው ከታች ይነሣል። ዳሌ ይፈጥንና ይዘገያል፤ ፍጥነቱን ለደረት ያቀብላል፤ ደረት ለክንድ፣ ክንድ ለዱላ። እያንዳንዱ ሲያቀብል ራሱ ቀዝቀዝ ይላል፤ የሚቸኩለው የመጨረሻው ብቻ ነው። ጅራፍም እንደዚሁ ነው። ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ነው ያ «ጧ!» የሚለው። ጅራፍ ደግሞ በጉልበት አይጮኽም። ጉልበተኛ ሰው መጀመሪያ ሲሞክር ራሱን ነው የሚገርፈው።

ይህን ካየን በኋላ የዓመቱን ሥራ እንደገና ቆጠርነው። በነሐሴ፣ በቡሄ ሰሞን፣ ልጅ ሁሉ ጅራፍ ያጮኻል። ነሐሴ 13 የደብረ ታቦሩን ድምፅ ለማሰብ ነው፤ ግን በዚያው ወገብና አንጓ ቅደም ተከተላቸውን ይማራሉ። በኅዳር ማጭድ ይመጣል፤ ጎንበስ ማለትንና ዓይንን ከመሬት አለመንቀልን ያስተምራል። በአውድማው ላይ መንሽና ላይዳ ይመጣሉ፤ ሁለት እጅ ተለያይቶ፣ ኃይል ከወገብ። ከዚያ እህሉ ጎተራ ይገባል፣ ማሳው ገለባ ይሆናል፣ ታኅሣሥ 29 ይደርሳል። አባቶቻችን ለገና ልምምድ አላደረጉም እንላለን እንጂ ዓመቱን በሙሉ ሲለማመዱ ነው የኖሩት። ስሙ ሥራ ስለሆነ ነው ያላስተዋልነው።

እኛ ግን ያ ዓመት የለንም። ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው በኅዳር አያጭድም፤ በነሐሴም ጅራፍ ቢያጮኽ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራበታል። ሥራው ሲቀር ከሥሩ የነበረው ልምምድም አብሮ ቀረ፤ የተረፈን በዓሉና ዱላው ብቻ ነው። ጥርስ የሚሰበረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሥራው ይሰጠው የነበረውን አሁን አስበንበት መስጠት አለብን። ጅራፍ ገዛን። (ስድስት ጎልማሳ፣ ስድስት ጅራፍ! ሻጩ ሳቁን መያዝ አልቻለም።) ባሕር ዛፍ መፍለጥም ጀመርን፤ የየቤታችን ማገዶ በዚያ ዓመት አልጎደለም። ቤተሰቦቻችን ስለ ሥልጠናው ጥሩ አስተያየት አላቸው።

አንድ ነገር ግን ከጎልፍ ይለየናል። የጎልፍ ኳስ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ሩር አትጠብቅም። ገና በሩጫ ነው፤ ግቦቹም በአንዳንድ ቦታ ኪሎ ሜትሮች ይራራቃሉ። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ በልጅነቱ ገና ይጫወት እንደነበር ታሪኩ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ሰው ሩርን ተከትሎ ያደገ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሳንባው ያልተዘጋጀ ሰው በአሥረኛው ደቂቃ ወገቡንም አንጓውንም ይረሳና ወደ ሰማይ ማንሣት ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቆመን፣ ከዚያ እየተራመድን፣ በመጨረሻ እየሮጥን ነው የምንለጋው። ሦስቱን ያልተከተለ ሰው ከእኛ ጋር ሩር አይነካም።

ለምን ታኅሣሥ ላይ አንጀምርም የሚል ይኖራል። ጾሙን ረስቷል! የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚጾም ተጫዋች ጠዋት ባዶ ሆዱን ነው። በዚያ ሰውነት መጠበቅ እንጂ መገንባት አይቻልም። ሜዳ ላይ የሚወጣው ደግሞ ጾሙ በተፈታ በዕለቱ ነው፤ ዶሮው፣ ጠላው፣ ሁሉም አንድ ላይ። ስለዚህ ከባዱ ሥራ ሁሉ ከኅዳር 15 በፊት ማለቅ አለበት። የእኛ ዓመት እንዲህ ነው፦ ጥርና የካቲት ያለ ሩር በዝግታ፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ የበልጉ ዝናብ ሲፈቅድ፣ ቆሞ መለጋት፤ ሰኔና ሐምሌ ፍልጥ፤ ነሐሴ ጅራፍ፤ መስከረምና ጥቅምት ሩጫና ምት አንድ ላይ። ከጾሙ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለስላሳ፣ እጅ እንዳይረሳ ያህል።

ስለ ዱላውም አንድ ቃል። አንኮበር ላይ አንድ ሽማግሌ እንደነገሩን ጥሩ ዱላ በተፈጥሮው ከጎበጠ ቅርንጫፍ ነው የሚወጣው፤ የእንጨቱ ጅማት ከጉብጠቱ ጋር አብሮ ስለሚዞር አይሰነጠቅም። ወይራ ይመረጣል። ግን ወፍ ዋሻ ቅርብ ነው ብሎ መጥረቢያ ይዞ የሚወጣ ካለ ከእኛ ጋር አይደለም። ያ ደን ከጥዱና ከኮሶው ጋር ለሸዋ ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው፤ ለዱላ አይነካም። የግቢ ወይራ ሲገረዝ መጠበቅ ነው። ዓመት የሚለማመድ ሰው ደግሞ ለመጠበቅ ጊዜ አለው፤ ታኅሣሥ 25 ላይ የሚሯሯጠው ነው ያገኘውን የሚቆርጠው። አየርላንዶችም ኸርሊንግ ለሚሉት ጨዋታቸው ዱላውን የሚያወጡት አሽ ከሚባለው ዛፍ ግንድ ግርጌ፣ ወደ ሥሩ ከሚጎብጥበት ላይ ነው፤ ምክንያታቸው ከሽማግሌው ጋር አንድ ነው። ሁለቱ አልተገናኙም፤ እንጨት ነው ያስተማራቸው።

አየርላንዶችን ካነሣን አይቀር፣ ጎረቤቶቻቸው ስኮትላንዶች ሺንቲ የሚሉት የዱላ ጨዋታ አላቸው። በብዙ መንደሮች በአዲስ ዓመት ቀን፣ መንደር ከመንደር ይጫወቱት የነበረ ነው። የማን ወንድም እንደሆነ ይገባችኋል። እ.ኤ.አ. በ1893 ማኅበር አቋቁመው ደንብ ጻፉለት፤ ዛሬ ሊግ አለው። ኸርሊንግም በ1884 ማኅበር አገኘ፣ በ2018 ዩኔስኮ መዘገበው። እዚያ ያለ ልጅ ብቻውን ሲሆን ሩሩን ከግድግዳ ጋር እያጋጨ ይውላል፤ ውድድር ኖረ አልኖረ። በእኛም አገር የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከትግልና ከገበጣ ጋር በየዓመቱ ያወዳድራል። ጥሩ ነው። ግን ውድድር ያለውን ችሎታ ያሳያል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ችሎታው የሚፈጠረው በግድግዳው ሥር ነው፤ በግንቦት፣ ሰው እየሳቀብህ።

ሜዳውም ቢሆን አይጠብቀንም። ደብረ ብርሃን እየሰፋች ነው፤ ፋብሪካው ደስ ይለናል፣ ሥራ ነው፤ ግን ልጅ ሆነን ገና ያየንባቸው ግጦሾች ዛሬ አጥር አላቸው። በዓመት አንድ ቀን ብቻ ሰው የሚታይበትን ሜዳ ማንም «ባዶ ቦታ» ብሎ ቢጽፈው ምን እንለዋለን? በየሳምንቱ የሚረገጥ ሜዳ ግን ባለቤት እንዳለው ያስታውቃል።

ያለፈው ገና እንዴት ሆነ? ተሸነፍን። ታች ሰፈሮች በቁጥር እጥፋችን ነበሩ። ግን ከእኛ ዱላ አንድ ሰው አልተነካም፤ እረኛውም ከእኛ ወገን ሆኖ ሁለት ጊዜ ሩሯን ለብቻው ነዳት። ጨዋታው ሲያልቅ ሦስት እናቶች መጥተው ልጆቻቸው ቅዳሜ ጠዋት ከእኛ ጋር መምጣት ይችሉ እንደሆነ ጠየቁን። ዋንጫ ቢኖር ከዚህ አይበልጥም ነበር።

አሁን ዘጠኝ ልጆች አሉን። አጫጭር ዱላ ያስፈልገናል። ግቢው ውስጥ ወይራ የሚገርዝ ካለ ጉብጥ ጉብጡን እንዳይማግደው አደራ።

ቸር ይግጠመን!